በአዲስ የጥበብ መሣሪያ የሚያስተምሩትን መምህራን ስለ ማክበር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



 ዕድሜያችን አሥራ ስምንት ዓመት ነው፤ ዕውቀታችንም ገና ጥሬ ነው። ስለዚህ በንግግራችን ስሕተት ብታገኙ እንደ ልጅነታችን ቈጥራችሁ ይቅር እንድትሉን እንለምናለን። ልንናገርበት የመረጥነው ነገር ግን ትንሽ አይደለም። ይኸውም አዲስ የጥበብ መሣሪያ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ መሣሪያውን ለትምህርት የሚያውለው፥ ሌሎቹንም መምህራን ከኋላው የሚያስከትለው መምህር ምን ክብር ይገባዋል? የሚል ጥያቄ ነው።

አገራችን መንዝ፥ ግሼና መርሐ ቤቴ ከትምህርት ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። አያቶቻችን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ቈጥረዋል፤ አቡጊዳ ብለዋል፤ ዳዊት ደግመዋል። በዚያ ዘመን የትምህርቱ መሣሪያ ብራናው፥ የመቃ ብርዑና ቀለሙ ነበሩ። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ፥ ተፍቆና ደርቆ ብራና እስኪሆን ድረስ ስንት ድካም እንደሚጠይቅ አባቶቻችን ያውቁታል። ይህም ለዘመኑ ታላቅ ጥበብ ነበረ። ይሁን እንጂ ልጁ ዳዊት በደገመ ቀን አባትየው ደግሶ የሚያከብረው የኔታን ነበር እንጂ ብራናውን አልነበረም። መጽሐፉ ብቻውን ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ፥ ቃሉን ከቆዳው ላይ አንሥቶ በልጁ አፍ የሚያኖረው መምህሩ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቅ ነበርና።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣም እንዲሁ ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፍቱ መምህራንን ከግብፅ አስመጡ። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን ጀመረ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲነሣ ደግሞ ብዙ ሺህ አስተማሪዎች ወደ ገጠር ወጡ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ እንደ እኛ ያሉ ወጣቶች ነበሩ። መሣሪያቸው ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ነበር። ድካማቸው በዓለም ታይቶ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980 ዘመቻው ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ተቀበለ። እንግዲህ አስተማሪን ማክበር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው።

በ1997 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሚጠራው ይህ ነው። ሒሳቡ፥ ፊዚክሱ፥ ኬሚስትሪውና ባዮሎጂው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከሰማይ ይወርድ ጀመር። አሳቡ መልካም ነበረ፤ በመንዝ ተራራ ላይ ያለ ልጅ አዲስ አበባ ካለው ልጅ ጋር በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት እንዲሰማ ነውና። ነገር ግን በስክሪኑ ላይ የሚታየው መምህር ተማሪው ይግባው አይግባው ሳያይ ይሮጣል፤ ጥያቄ ቢነሣ አይመልስም፤ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያልፋል። በክፍሉ ውስጥ ለቆመው መምህር ደግሞ ከክፍለ ጊዜው የሚተርፍለት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ እንደ ተባለው ነው።

ታላላቆቻችን እንደ ነገሩን ግን ከዚያ ትምህርት የተጠቀሙ ክፍሎችም ነበሩ። እነዚያም መምህራቸው የሚመጣውን ትምህርት አስቀድሞ አንብቦ፥ አስቸጋሪውን የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ፈትቶ፥ ስክሪኑ ሲዘጋ ነገሩን እንደ ገና ከሥሩ የጀመረላቸው ናቸው። ያው አንድ ስክሪን በአንዱ ክፍል ፍሬ ሰጠ፥ በሌላው ክፍል ሳይሰጥ ቀረ። ልዩነቱ ከሰማይ የመጣ አልነበረም።

አሁን የራሳችንን ታሪክ እንናገር። ዘጠነኛ ክፍል በገባን ጊዜ አንድ የፊዚክስ መምህር ነበሩን። ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ የሚወዱ ሰው ስላልሆኑ አንጠራቸውም። በዚያን ጊዜ ስድስት ኮምፒውተሮች በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቈልፎባቸው ይኖሩ ነበር። ቁልፉ የያዘው ሰው ክፉ አልነበረም፤ አንዱ ቢበላሽ ዕዳው በእርሱ ላይ ስለሚመጣ ፈራ እንጂ። መምህራችን በራሳቸው ስም ፈርመው ቁልፉን ተቀበሉ። አቧራውን ጠረጉ፤ የአንዱን ዕቃ ወደ ሌላው እያዛወሩ ከስድስቱ ሁለቱን አስነሡ።

ሁለት ኮምፒውተር ለስድሳ ተማሪ ምን ይሆናል? እንዲህ አደረጉ። ወፍራም ካርቶን አስመጥተው የኮምፒውተሩን የፊደል ቁልፎች በቁመናቸው ልክ አሣሉን። እያንዳንዳችን የካርቶን ቁልፍ ሰሌዳ ኖረን። በየቀኑ ጣቶቻችንን በካርቶኑ ላይ እናለማምድ ነበር፤ ተራችን ደርሶ ወደ እውነተኛው ኮምፒውተር ስንቀርብ ጣቶቻችን መንገዱን ያውቁታል። ወደ ደብረ ብርሃን ለጉዳያቸው በሄዱ ጊዜ ደግሞ የሙከራ ትምህርት የሚያሳዩ ፊልሞችን በፍላሽ ጭነው ያመጡልን ነበር። መብራት ቢጠፋ አይደነግጡም፤ «ዛሬ ስለ ኤሌክትሪክ የምንማረው ኤሌክትሪክ በሌለበት ነው» ብለው በጠመኔ ይቀጥላሉ። ሁልጊዜ ሁለት ዝግጅት ይዘው ይመጡ ነበር፤ አንዱ መብራት ላለበት ቀን፥ ሁለተኛው ለሌለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ግን ቅዳሜ ጧት የሚሠሩት ነበር። የሚፈልግ መምህር ሁሉ እንዲማር የኮምፒውተሩን ክፍል ከፈቱ። መጀመሪያ የመጡት የባዮሎጂ መምህርታችን ብቻ ነበሩ። ቈይተው አራት ሆኑ። «ይህ ነገር ልጆቹን ከንባብ ያስጥላል» እያሉ ይቃወሙ የነበሩት አንድ ሽማግሌ የአማርኛ መምህር እንኳ በመጨረሻ መጡ፤ የፈተናውንም ወረቀት በገዛ እጃቸው በግዕዝ ፊደል ጽፈው አወጡ። በዚያ ቀን ፊታቸው ላይ ያየነውን ደስታ አንረሳውም። ፊደላችን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደል መዝገብ ውስጥ ስለ ገባ ከየትኛውም አገር ፊደል ጋር እኩል ይጻፋል። ይህንንም ያስረዷቸው በዕድሜ ልጃቸው የሚሆኑት የፊዚክሱ መምህር ናቸው።

የዓመቱ መዝጊያ በዓል በደረሰ ጊዜ የምስጋና ወረቀት ለብዙዎች ተሰጠ። ኮምፒውተር ለለገሡ ተሰጠ፤ አንደኛ ለወጡ ተሰጠ፤ በስፖርት ላሸነፉ ተሰጠ። ሁሉም የሚገባቸው ናቸው። መምህራችን በዚያን ሰዓት ከድንኳኑ ኋላ ቆመው የድምፅ ማጉያው ሽቦ እንዳይነቀል በእጃቸው ይዘው ነበር። እኛም ፊት ለፊት እያየን አጨበጨብን፤ ወደ ኋላ የተመለከተ ከመካከላችን አንድ እንኳ አልተገኘም። በማግሥቱ ዓመት ለቤተሰባቸው ወደሚቀርብ ስፍራ ተዛወሩ። ማንም አላባረራቸውም፤ ይቅሩልን ብሎ የለመነ ግን አልነበረም። እኛም አልለመንናቸውም። ቁም ሣጥኑ እንደ ገና ተቈለፈ፤ ለግማሽ ዓመት ያህልም ሳይከፈት ቈየ። በመጨረሻ ቁልፉን ፈርመው የተረከቡት ቅዳሜ ጧት መጀመሪያ የመጡት የባዮሎጂ መምህርታችን ናቸው። ሥራው ከመሞት የዳነው ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ስለ ተላለፈ ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ አንዱ «ዛሬ መሣሪያው ራሱ ያስተምራል፤ መምህር ለምን ያስፈልጋል?» ይል ይሆናል። ይህን አሳብ የሚደግፍ የሚመስል ነገር በአገራችን ታይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2012 አንድ የአሜሪካ ድርጅት ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች፥ በወንጪና በወለንጪቲ፥ ታብሌት የሚባሉ መሣሪያዎችን በካርቶን እንደ ታሸጉ ለሕፃናት ሰጠ። አስተማሪ አልነበረም። ሕፃናቱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መዘመር ጀመሩ፤ ከወራት በኋላም የተዘጋውን የፎቶግራፍ መሣሪያ ፈልቅቀው እስከ መክፈት መድረሳቸው ተነገረ። ይህ የኢትዮጵያ ልጅ አእምሮ ምን ያህል ብሩህ እንደ ሆነ ያስመሰክራል፤ እኛንም ያኰራናል። ሆኖም በዚያም ስፍራ ቢሆን መሣሪያውን በፀሐይ ኃይል ስለ መሙላት ለአዋቂዎቹ ያሳየ ሰው ነበረ፤ በየሳምንቱም እየተመላለሰ የመረጃውን ካርድ የሚለውጥ ሰው ነበረ። ደግሞም ፊደልን መዘመርና የፊዚክስን ሕግ አስተውሎ ለጓደኛ ማስረዳት አንድ አይደሉም። ሕፃን መሣሪያውን ለመክፈት ብልሃት አያጣም፤ ከከፈተው በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚመራው ግን ያስፈልገዋል።

ከጎረቤታችን ከኬንያ የተገኘውን ምሳሌ ደግሞ እንመልከት። ወንድም ፒተር ታቢቺ በናኩሩ አውራጃ በፑዋኒ መንደር የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ትምህርት ቤታቸው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበረው፤ ኢንተርኔቱም ደካማ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ኢንተርኔት ካፌ እየሄዱ ለትምህርቱ የሚሆነውን ያወርዱና ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ያሳዩ ነበር። ከደመወዛቸውም አብዛኛውን ለድሆች ተማሪዎች ይሰጡ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በመጋቢት 2019 በዱባይ አንድ ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያለበት ዓለም አቀፍ የመምህራን ሽልማት ለእርሳቸው ተሰጠ። ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። የካርቶን ቁልፍ ሰሌዳው ትዝ ብሎን ነበር። የእኛ መምህር ከዚህ ሰው በምን ያንሳሉ? የሚያንሱት ያየላቸው ሰው በማጣት ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ የምስጋና ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ እንለምናለን። የእኛ ዕድሜ ልጆች ብዙ ጊዜ ከትምህርት ተለይተናል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት የኮሮና በሽታ በመጣ ጊዜ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን፤ ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ተባለ፤ በብዙዎቻችን ቤት ግን ቴሌቪዥን አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በመላው አገሪቱ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊው ፈተና በወረቀትና በኮምፒውተር መሰጠት ጀመረ። አስቡት! ማውስ በእጁ ጨብጦ የማያውቅ የግሼ ልጅ የሕይወቱን ታላቅ ፈተና በኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ሲጀምር፥ የሚፈተነው በሒሳብ ነው ወይስ በማውስ? ከዚህ ጭንቀት እኛን ያዳነን የካርቶኑ ሰሌዳ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መምህር ችላ ማለት የታናናሾቻችንን ዕድል ችላ ማለት ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎችን ሰምተናል። አንዳንድ ወላጆች የእጅ ስልክ ልጆቻቸውን እንዳበላሸ ይናገራሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኛም በስልክ ያባከንነውን ሌሊት እናውቀዋለን። ነገር ግን ቢላዋ እጅ ይቈርጣል ተብሎ ወጥ ቤት ያለ ቢላዋ አይሠራም፤ አያያዙን የሚያሳይ ሰው ይፈለጋል እንጂ። ሌሎች ደግሞ «ሽልማት በመምህራን መካከል ቅናት ያመጣል» ይላሉ። ሽልማቱ በስውር ከተሰጠ በእርግጥ ያመጣል። በግልጽ መለኪያ፥ በብዙ ሰው ምርጫ ከተሰጠ ግን ሌላውን ለሥራ ያነሣሣል። «መሣሪያ የለገሡት ወዳጆቻችን ይቀየሙ ይሆናል» የሚሉም አሉ። የመርሐ ቤቴዋ ዓለም ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1994 ጀምሮ ፋተርሽቴተን ከምትባለው የጀርመን ከተማ ጋር በወዳጅነት ተሳስራለች፤ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውም ድርጅት በዚያው ወረዳ ብዙ በጎ ሥራ ሠርቷል። ለጋሽ ይመሰገናል፤ ይህም ግዴታችን ነው። ግን ለጋሽን ከሁሉ የሚያስደስተው ስጦታው በሥራ ላይ ሲውል ማየት አይደለምን?

እንግዲህ የምንለምነውን እንናገር። ይህ በዓል በየዓመቱ ሲከበር በጥበብ መሣሪያ አጠቃቀም ሌሎቹን የመራ አንድ መምህር ወይም አንዲት መምህርት ይመረጡ። ምርጫውን መምህራን፥ ተማሪዎችና ወላጆች በአንድነት ያድርጉት። መለኪያውም ሦስት ይሁን። አንደኛ፥ የሚያውቁትን ለሌላ መምህር አስተምረዋል ወይ? ሁለተኛ፥ በክፍሉ ኋላ የተቀመጠው ደካማ ተማሪ፥ ስልክ የሌላትና ውሃ ቀድታ አርፍዳ የምትመጣው ልጅ ተጠቅመዋል ወይ? ሦስተኛ፥ መብራት በጠፋ ቀን ትምህርቱ ቀጥሏል ወይ? ብዙ መሣሪያ መያዝ በመለኪያው ውስጥ አይግባ፤ ያለዚያ ሽልማቱ ሁልጊዜ ለባለጠጋው ትምህርት ቤት ይሆናልና።

ዋጋውም ትልቅ ገንዘብ እንዲሆን አንጠይቅም። ለተመረጡት መምህር ከሳምንቱ ክፍለ ጊዜ ጥቂቱ ተቀንሶላቸው ባልደረቦቻቸውን የሚያስተምሩበት ጊዜ ይሰጣቸው። ስማቸውም በቤተ መጻሕፍታችን በሚቀመጥ የክብር መዝገብ ይጻፍ። ጓሳችን ለብዙ መቶ ዓመታት የተጠበቀው ሣሩ ራሱን ስለ ጠበቀ አይደለም፤ አባቶቻችን ኃላፊ ሾመውለት፥ የሚዘጋበትና የሚከፈትበትን ጊዜ ወስነውለት ነው። የኮምፒውተር ክፍላችንም እንዲሁ ሥርዓትና ባለአደራ ያሻዋል፤ ባለአደራውም ሲደክም የሚያከብረው፥ ሲሄድም የሚተካው ይኑረው።

በመንዝ የተወለዱት ታላቁ ደራሲ ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. ጃፓን እንደምን ሠለጠነች ብለው ጠይቀው መጽሐፍ ጻፉ። ጃፓኖች መርከብና መኪና ገዝተው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዕቃው ባረጀ ጊዜ ሥልጣኔያቸውም አብሮ ባረጀ ነበር። እነርሱ ግን ከውጭ መምህራንን ቀጠሩ፤ ከእነርሱም ተምረው የገዛ ልጆቻቸውን በመምህርነት ተኩ። መርከቡ ያልፋል፤ መርከብ መሥራትን የሚያስተምር ሰው ካለ ግን ሌላ መርከብ ይሠራል። የእኛም ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ቀን ማርጀታቸው አይቀርም።

ንግግራችንን ከመፈጸማችን በፊት አንድ ነገር እንጨምራለን። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ጥፋታችንን ለመካስ አስበን በየቤታችን የበግ ጠጉር ለመንን። እናቶቻችን ፈተሉልን፤ አባቶቻችን ሠሩልን፤ አንድ ጥሩ የመንዝ ባና ሆኗል። እነሆ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው እርሱ ነው። ርእሰ መምህራችን ቢፈቅዱልን ለፊዚክስ መምህራችን ወዳሉበት እንልከዋለን፤ የክብር መዝገቡም የመጀመሪያ ገጽ በእርሳቸው ስም እንዲከፈት እንለምናለን። ባናው ከመላኩ በፊት ግን ዛሬ ቁልፉን የያዙት የባዮሎጂ መምህርታችን ተነሥተው እንዲታዩ እንፈልጋለን። ባለፈው ጊዜ ወደ ኋላ ሳንመለከት አጨብጭበናልና፥ አሁን ሁላችንም ወደ ኋላ ዞረን እንድናጨበጭብላቸው በትሕትና እንጠይቃለን።

እግዚአብሔር መምህሮቻችንን ይጠብቅልን፤ ለአገራችንም ሰላም ይስጥልን።